በ35 ዶላር የሚጠፋ መርዝ የለም

አደገኛ የኬሚካል ቆሻሻ ማስወገድ ንግድ ነው። ከፋይ አለ፣ ተከፋይ አለ፣ ውል አለ። ከሌላው ንግድ የሚለየው አንድ ነገር ግን አለ። ቤት ያሠራ ሰው ግድግዳው ሲሰነጠቅ ተቋራጩን ይጠይቃል፤ ካልሆነም ይከሳል። ቆሻሻዬን ውሰዱልኝ ብሎ የከፈለ ፋብሪካ ግን የገዛው መገላገልን ነው። ቦቴው ከግቢ ከወጣ በኋላ የት እንደገባ ለማወቅ ጊዜና ገንዘብ የሚያጠፋበት ምክንያት የለውም። ተቀባዩ ኩባንያም ገንዘቡን አስቀድሞ ተቀብሏል። ከዚያ በኋላ ለሥራው የሚያወጣው ባነሰ ቁጥር የሚተርፈው ይበዛል።

እንግዲህ ከተዋዋዮቹ አንዱም ሥራው በትክክል መሠራቱን ለማረጋገጥ አይቸኩልም። የሚቸገረው ሌላ ሰው ነው፤ ከታች ከወንዙ የሚቀዳው፣ ከመጣያው አጥር ጥግ ልጅ የሚያሳድገው። እሱ ደግሞ ውሉ ላይ አልፈረመም፤ ውል መኖሩንም አያውቅም። መንግሥት መሃል የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ ንግድ ውስጥ "ቆሻሻው የት ደረሰ?" ብሎ የመጠየቅ ግዴታም ሥልጣንም ያለው እሱ ብቻ ነው። እሱ ካልጠየቀ ማንም አይጠይቅም።

ሳይጠየቅ ሲቀር ምን እንደሚሆን ከአቢጃን በላይ የሚያሳይ ጉዳይ አላውቅም።

ከአምስተርዳም እስከ አቢጃን

ነሐሴ 13 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 19 ቀን 2006፣ ፕሮቦ ኮአላ የምትባል መርከብ ኮትዲቯር አቢጃን ወደብ ላይ ቆማለች። የተከራያት ትራፊጉራ የተባለ ዓለም አቀፍ የነዳጅ ንግድ ኩባንያ ነው። በመርከቧ ታንኮች ውስጥ 528 ሜትር ኩብ የሚሆን የሚገማ ፈሳሽ ቆሻሻ አለ።

ቆሻሻው የተፈጠረው እንዲህ ነው። ኩባንያው ከሜክሲኮ የወጣ፣ ብዙ ሰልፈር ያለበት፣ ኮከር ጋዞሊን የሚባል ርካሽ ነዳጅ ገዝቷል። ነዳጁ እንዲሸጥ ሰልፈሩ መቀነስ አለበት። በማጣሪያ ፋብሪካ ማሠራት ውድ ነው። ርካሹ መንገድ ነዳጁን በኮስቲክ ሶዳ ማጠብ ነው፤ ሳሙና የሚሠሩ ሰዎች የሚያውቁት ያው ኮስቲክ ሶዳ። ሶዳው ሰልፈር ያዘሉትን ውህዶች ይዞ ወደ ታች ይዘቅጣል። ነዳጁ ለገበያ ይወጣል፣ ዝቃጩ ታንክ ውስጥ ይቀራል። ዝቃጩ ቆዳ ያቃጥላል፣ በጣም ይገማል። ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባለውን፣ እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸተውን መርዛማ ጋዝ ሊለቅ ይችላል። እጥበቱ መጀመሪያ ቱኒዚያ ውስጥ በየብስ ላይ ተሞክሮ ነበር። እዚያ በጋዙና በጠረኑ ምክንያት ችግር ሲነሣ ሥራው ወደ ባሕር ወጥቶ መርከቧ ላይ ቀጠለ።

በ2006 ጁላይ መጀመሪያ መርከቧ አምስተርዳም ደረሰች። ኩባንያው ቆሻሻውን የተራ መርከብ እጣቢ ነው ብሎ ለማስረከብ ጠየቀ። አምስተርዳም ፖርት ሰርቪስስ የተባለው ተቀባይ ድርጅት በሜትር ኩብ 27 ዩሮ ዋጋ ሰጠ። ከፊሉ ባርጅ ወደሚባል ጠፍጣፋ የጭነት ጀልባ ተገለበጠ። ወዲያው ሽታው አካባቢውን አወደው፣ ነዋሪው አቤት አለ። ድርጅቱ ናሙና ወስዶ መረመረ። ያየውን ሲያይ ዋጋውን ወደ 1,000 ዩሮ ከፍ አደረገ። ጠቅላላ ሒሳቡ ወደ ግማሽ ሚሊዮን ዩሮ ተጠጋ። ትራፊጉራ ይህን አልከፍልም አለ።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። ብዙ ሰው የዚህን ታሪክ ጥፋት አቢጃን ላይ ብቻ ስለሚፈልገው ነው። የአምስተርዳም ባለሥልጣናት ቆሻሻው አደገኛ መሆኑን የሚጠቁም የምርመራ ውጤት በእጃቸው ነበር። ሽታውን ሸትተዋል። ግን የትኛው ሕግ እንደሚገዛው ተከራከሩ። ከመርከብ የዕለት ተዕለት ሥራ የሚወጣ እጣቢ ከሆነ የመርከብ ብክለት ስምምነት ይገዛዋል። አደገኛ ቆሻሻ ከሆነ ደግሞ የባዝል ስምምነት ይመለከተዋል፤ ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገርም። አንዱ ቢሮ ወደ አንዱ ሲመለከት ባርጅ ላይ የነበረው ተመልሶ ወደ መርከቧ እንዲገለበጥ ተፈቀደ፤ መርከቧም ሄደች። አንድ ተቆጣጣሪ "ቆሻሻው የት እንደሚደርስ ሳናውቅ አትንቀሳቀስም" የማለት ሥልጣኑን በጊዜው ቢጠቀምበት ኖሮ ታሪኩ እዚያው ያበቃ ነበር። ኔዘርላንድስ ሕግ፣ ላቦራቶሪ፣ ሠራተኛ፣ በጀት ያላት አገር ናት። የጎደለው በሁለት መሥሪያ ቤቶች መካከል ያለችውን ክፍተት የሚሞላ ሰው ነበር።

መርከቧ ኢስቶኒያ ሄደች። ከዚያ ሌጎስ ደረሰች፤ እዚያ ለማራገፍ የተደረገው ሙከራ አልተሳካም። በመጨረሻ አቢጃን። እዚያ ኮምፓኒ ቶሚ የተባለ ድርጅት ሥራውን በሜትር ኩብ 35 ዶላር እሠራለሁ አለ። አኩዌዶ የሚባል ቦታ እንደሚደፋውም በደብዳቤ አሳወቀ። ጠቅላላው ክፍያ 20 ሺህ ዶላር እንኳ አይሞላም።

ኮምፓኒ ቶሚ ፈቃድ ነበረው። ይህን አስምሩበት። ፈቃዱን ካገኘ ጥቂት ሳምንታት ቢሆነውም ሕጋዊ ወረቀት ይዟል። ያልነበረው ሌላው ሁሉ ነው። ማከሚያ ፋብሪካ የለውም። ኬሚካል የማስተናገድ ልምድ የለውም። ቦቴዎቹንም የተከራየው ለዚሁ ሥራ ነው። አኩዌዶ ደግሞ የከተማው ሕዝብ የቤት ጥራጊ የሚጣልበት ክፍት ሜዳ ነው፤ ዙሪያው ሰው ይኖራል። ፈቃዱን የሰጠው ባለሥልጣን "ይህን ፈሳሽ በምን ታክመዋለህ?" ብሎ ቢጠይቅ መልስ አያገኝም ነበር።

በዚያው ሌሊት ቦቴዎቹ ወደ አኩዌዶ ተመላለሱ። ከዚያም ቆሻሻው በከተማዋ ዙሪያ በተለያዩ ቦታዎች ተደፋ፤ በየመንገዱ ዳርና በየቦዩ። ሕዝቡ ጠዋት ሲነሣ ዓይኑ ያቃጥለዋል፣ አፍንጫው ይደማል፣ ያስመልሰዋል፣ መተንፈስ ያቅተዋል። በቀጣዮቹ ሳምንታት ከ100,000 በላይ ሰዎች ሕክምና ፍለጋ ወደ ጤና ተቋማት ሄዱ። የአገሪቱ ባለሥልጣናት ቢያንስ 15 ሰዎች መሞታቸውን አስታወቁ። ትራፊጉራ ቆሻሻው ለሞትና ለከባድ ጉዳት ምክንያት ሊሆን አይችልም ሲል ቆይቷል፤ ቆሻሻውን የሚደፋው ድርጅት ባደረገው ነገርም ኃላፊነት የለብኝም ይላል።

መስከረም ሳይጠባ የጠቅላይ ሚኒስትር ሻርል ኮናን ባኒ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ። ከተበከለው ቦታ የተለቀመው አፈርና ዝቃጭ ታሽጎ በመርከብ ወደ ፈረንሳይ ተላከና እዚያ ተቃጠለ። በርካሽ ይጠፋል የተባለው ነገር በመጨረሻ ወደ አውሮፓ ተመልሶ፣ መጀመሪያውኑ ሊደረግለት የሚገባው ነገር ተደረገለት። በመሃል ግን አንድ ከተማ ሙሉ ሕዝብ ተንፍሶታል።

ሒሳቡን ማን ከፈለ?

በ2007 ፌብሩዋሪ ትራፊጉራ ከኮትዲቯር መንግሥት ጋር ተስማምቶ 95 ቢሊዮን ሴፋ ፍራንክ፣ በጊዜው ወደ 200 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ፣ ከፈለ። በምላሹም መንግሥት በኩባንያው ላይ የነበረውን ክስ ተወ፤ ታስረው የነበሩት የኩባንያው ኃላፊዎችም ተፈቱ። በ2008 የአቢጃን ፍርድ ቤት የኮምፓኒ ቶሚን ባለቤት 20 ዓመት፣ አንድ የመርከብ ወኪልን ደግሞ 5 ዓመት ፈረደባቸው። በ2009 እንግሊዝ አገር ለቀረበ የ30,000 ሰዎች ክስ ኩባንያው 30 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ተስማማ፤ ጥፋተኛ ነኝ ግን አላለም። ለአንድ ሰው ሲካፈል ወደ 1,000 ፓውንድ ይደርሳል። ከዚያም ውስጥ የሺዎች ድርሻ ተጎጂው እጅ ሳይደርስ ተበላ፤ በጉዳዩ ስማቸው የተነሣ አንድ የአገሪቱ ሚኒስትር በ2012 ከሥልጣን ተነሡ። ኔዘርላንድስ ውስጥ ደግሞ ፍርድ ቤት በ2010 ትራፊጉራን 1 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣ። ቆሻሻውን በሕገ ወጥ መንገድ ከአገር በማስወጣቱና ምንነቱን በመደበቁ ነው።

እነዚህን ፍርዶች አንድ ላይ ሳያቸው የሚሰማኝ ቁጭት ነው። ረጅሙን እስር ያገኘው በሰንሰለቱ መጨረሻ ያለው፣ ከሁሉም ያነሰ ገንዘብ የነካው ሰው ነው። ጥፋት የለበትም እያልኩ አይደለም፤ አለበት። ነገር ግን ቆሻሻውን የፈጠረው ወገን እስከ መጨረሻው በሕግ ተጠያቂ እስካልሆነ ድረስ ሁልጊዜ አንድ "ቶሚ" ይገኛል። ድህነት ባለበት ሁሉ ፈቃድና ቦቴ የሚያዘጋጅ ሰው አይጠፋም።

ከሁሉም ለቁጥጥር ጉዳይ የሚበልጥብኝ የቅርቡ ፍርድ ነው። ሴፕቴምበር 5 ቀን 2023 የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት የኮትዲቯርን መንግሥት ጥፋተኛ አለው። የሰዎችን የሕይወት፣ የጤና፣ ጤናማ አካባቢ የማግኘትና መረጃ የማግኘት መብት ጥሷል ብሎ ወሰነ፤ ለተጎጂዎች የካሳ ፈንድ እንዲያቋቁም አዘዘ። ቆሻሻውን ያመጣው የግል ኩባንያ ነው፣ የደፋውም የግል ኩባንያ ነው የሚለው መከራከሪያ መንግሥትን አላዳነውም። በአህጉራችን ፈቃድ የሚሰጥ ባለሥልጣን ሁሉ ይህን ውሳኔ ቢያነበው ደስ ይለኛል። ኢትዮጵያ በዚያ ጉዳይ ከሳሽም ተከሳሽም አልነበረችም፤ የተነሣው ጥያቄ ግን የእኛም ነው።

ዋጋው ራሱ ይናገራል

ከአቢጃን ታሪክ አንድ ቁጥር ብቻ አስታውሱ ብባል የምመርጠው ያን የዋጋ ልዩነት ነው። 1,000 ዩሮ የተባለን ሥራ ሌላው በ35 ዶላር እሠራለሁ ሲል ሥራውን እንደማይሠራው እየተናገረ ነው። ተቆጣጣሪ ኬሚስት መሆን አይጠበቅበትም። ፕሮፎርማውን ማየት ይበቃዋል።

ትክክለኛው ዋጋ ለምን እንደሚከብድ እኛም በራሳችን እናውቀዋለን። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጨረሻ ኢትዮጵያ ጊዜ ያለፈበት ፀረ ተባይ መድኃኒት ተከማችቶ ከሚገኝባቸው የአፍሪካ አገሮች ግንባር ቀደም ነበረች። ለአንበጣና ለተምች መከላከያ ተብሎ ለአሥርት ዓመታት የተገዛ፣ በእርዳታም የመጣ ኬሚካል በየክልሉ መጋዘን ዝጎ፣ ፈስሶ፣ መለያው ተፍቆ ተቀምጦ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ከለጋሾች ጋር ሆኖ ሥራውን ጀመረ። ሠራተኞች ከእግር እስከ ራስ መከላከያ ለብሰው በርሜሉን በአዲስ በርሜል አሸጉ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከ1,500 ቶን በላይ የሚሆነው በመርከብ ተጭኖ ፊንላንድ ድረስ ሄዶ ተቃጠለ። እዚህ ማቃጠል አይቻልም ነበር። ክሎሪን ያለበት ኬሚካል ሌላ መርዝ ሳይወልድ እንዲጠፋ ከ1,100 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሚነድና ጭሱም የሚጣራበት ልዩ ምድጃ ይፈልጋል። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ያኔ በአፍሪካ ደረጃ የሚጠቀሰው ወጪ በቶን ከ3,000 ዶላር በላይ ነበር።

ታዲያ ዛሬ አንድ ድርጅት ተመሳሳይ ቆሻሻ በጥቂት ሺህ ብር እወስዳለሁ ቢል የመጀመሪያው ጥያቄ "ፈቃድ አለህ?" መሆን የለበትም። "ወዴት ትወስደዋለህ? እዚያ ምን ይደረግበታል? ያስከፈልከው ገንዘብ ለዚያ ይበቃል?" መሆን አለበት። ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤቶች በአመልካቹ ፋይል ውስጥ የንግድ ምዝገባ፣ የግብር ክሊራንስ፣ የቢሮ ኪራይ ውል ይፈልጋሉ። እነዚህ ሁሉ የሚያሳዩት ድርጅቱ መኖሩን ነው፤ መቻሉን አያሳዩም።

ወረቀቱ ተመልሶ ይምጣ

ቆሻሻን ለመከታተል የተፈተነ አንድ ዘዴ አለ፤ ያን ያህል የረቀቀ አይደለም። አሜሪካ በ1976 ባወጣችው የቆሻሻ ሕግ መሠረት አደገኛ ቆሻሻ የሚንቀሳቀሰው አብሮት በሚጓዝ የጭነት ሰነድ ነው። ፋብሪካው ምን፣ ስንት፣ ለማን እንደላከ ይሞላል። አጓጓዡ ይፈርማል። የመጨረሻው ተቀባይ መረከቡን ይፈርማል፤ የተፈረመው ቅጂም ለፋብሪካው ይደርሳል። ቅጂው በተወሰነለት ቀን ካልተመለሰ ፋብሪካው ራሱ ጠርቶ ማጣራትና ለተቆጣጣሪው ማመልከት አለበት። ከ2018 ወዲህ ይህ በኤሌክትሮኒክስ ጭምር ይሠራል።

የዘዴው ጉልበት ያለው በመጨረሻዋ ግዴታ ላይ ነው። ፋብሪካው ከእንግዲህ "ወስደውልኛል፣ የት እንዳደረሱት አላውቅም" ማለት አይችልም። አለማወቁ ራሱ ጥፋት ይሆንበታል። መግቢያው ላይ ያነሣሁት የጥቅም ጉዳይ ተገለበጠ ማለት ነው፤ ከፋዩ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ሆነ።

በዚያው አገር በ1980 የወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ አንድ ቦታ ተበክሎ ሲገኝ ቆሻሻውን የደፋውን ብቻ ሳይሆን ያመነጨውንም ለማጽጃው ያስከፍላል። ያ ሕግ የወጣው ላቭ ካናል በሚባል የናያጋራ ፎልስ ሰፈር ኬሚካል በተቀበረበት መሬት ላይ ትምህርት ቤትና መኖሪያ ቤት ተሠርቶ፣ በ1978 ቤተሰቦች ከቤታቸው እንዲወጡ ከተደረገ በኋላ ነው። የማስወገጃ ድርጅቶችም ቦታውን ሲዘጉ የሚጸዳበትን ገንዘብ አስቀድመው በዋስትና ማስያዝ አለባቸው። ቢከስሩ ሕዝቡ ዕዳውን እንዳይወርስ ነው። እነዚህ ሕጎች አሜሪካን ከብክለት አላጸዷትም። ግን ርካሹን መንገድ ውድ አድርገውታል፤ ከቁጥጥር የሚጠበቀውም ይኸው ነው።

የእኛ ሕግና የእኛ ወንዝ

ኢትዮጵያ ሕግ አላነሳትም። የባዝልም፣ አደገኛ ቆሻሻ ወደ አፍሪካ እንዳይገባ የሚከለክለው የባማኮ ስምምነትም አባል ናት። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ያለ ፈቃድ አደገኛ ቆሻሻ ማመንጨት፣ ማጓጓዝ፣ ማከማቸትና ማስወገድን ይከለክላል። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ለአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ብቻ ራሱን የቻለ አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ወጣ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የሰው ሁሉ መብት ነው ይላል።

ችግሩ ከወረቀቱ ወርዶ ወንዙ ዳር ስንደርስ ነው። የሞጆን ወንዝ ተመልከቱ። ቆዳ ፋብሪካዎች ፍሳሻቸውን ሲለቁበት የኖሩ ወንዝ ነው፤ ወደ ቆቃ ሐይቅ ይገባል። ቆዳ በክሮም ሲለፋ ከተጨመረው ክሮም ጥሩ ክፍልፋይ የሚሆነው ቆዳው ላይ አይቀርም፤ ከውኃው ጋር ይወጣል። የፍሳሽ ማጣሪያ ያለው ፋብሪካም ቢሆን ማጣሪያው ክሮሙን አያጠፋውም፤ ወደ ዝቃጭ ያጠራቅመዋል። ዝቃጩስ? ተጭኖ ይወጣል። የት? ተቆጣጣሪው ብዙ ጊዜ የሚያየው ማጣሪያው መኖሩንና ከቱቦው የሚወጣውን ውኃ ነው። ደረቁን ዝቃጭ ተከትሎ እስከ መጨረሻው የሚሄድ ካልተገኘ ብክለቱ ቦታ ቀየረ እንጂ አልቀነሰም።

አዲስ አበባ ቆሻሻዋን ቆሼ ላይ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ስትጥል ኖራለች። ከሥሩ መከላከያ ንጣፍ የሌለው፣ የቤቱም የፋብሪካውም የጋራዡም ጥራጊ የተደባለቀበት ተራራ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ያንን ቀን በኬሚካል አላሳብበውም። ነገር ግን ምን እንደተጣለበት መዝገብ የሌለው መጣያ አጠገብ ሰዎች መኖር እንዳልነበረባቸው ለመናገር ኬሚስት መሆን አያስፈልግም።

ትልልቁን ፋብሪካ ብቻ እንዳናይ ደግሞ። ከጋራዥ የሚወጣ የተቃጠለ ዘይት አለ። ያረጀ የመኪና ባትሪ አለ፤ ቆራሌው ይገዛዋል፣ አንድ ቦታ ተሰብሮ አሲዱ ይደፋል፣ እርሳሱ ይቀልጣል። ኬሚካል የነበረበት ጀሪካን ታጥቦ ውኃ መቅጃ ይሆናል። ቆራሌው ጥፋተኛ ነው ብዬ አላምንም፤ ከተማዋ ያልሠራችውን ሥራ ይሠራል። ባትሪ የሚያስመጣና የሚሸጥ ትልቅ ነጋዴ አሮጌውን መልሶ እንዲቀበል ቢገደድ ኖሮ እርሳሱ ሰፈር ውስጥ አይቀልጥም ነበር።

ተቆጣጣሪው የፌዴራል የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ራሱ ተረጋግቶ መቆሚያ አላገኘም። በ1987 ዓ.ም. ባለሥልጣን ሆኖ ተቋቋመ። በ2005 ሚኒስቴር ሆነ። በ2011 ኮሚሽን ሆነ። በ2014 ተመልሶ ባለሥልጣን ሆነ። በእያንዳንዱ ለውጥ ፋይል ይዛወራል፣ ባለሙያ ይለቃል፣ የትኛው ፋብሪካ ምን ቃል እንደገባ የሚያስታውስ ሰው ይጠፋል። ከዚህ የባሰው በ2001 ዓ.ም. ገደማ የተወሰደው እርምጃ ነበር። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሰነዶችን የመመርመር ሥልጣን ለየዘርፉ ሚኒስቴሮች በውክልና ተሰጠ። ማዕድን ማስፋፋት የሚጠበቅበት መሥሪያ ቤት የማዕድን ኩባንያን ሰነድ ይመረምራል ማለት ነው። በየወሩ ስለ ኢንቨስትመንት ዕድገት ሪፖርት የሚጠየቅ ኃላፊ ያንኑ ኢንቨስትመንት እንዲያስቆም መጠበቅ ከባድ ነው፤ ሰውየው የቱንም ያህል ቅን ቢሆን።

የፋብሪካዎቹንም ወገን መስማት ይገባል፤ ቀላል አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ቁጥር 159 ለነባር ፋብሪካዎች እስከ 5 ዓመት የማስተካከያ ጊዜ ሰጥቶ ነበር። ጊዜው ካለፈ ቆየ። ነገር ግን አንድ ሐቀኛ የፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ "እሺ፣ ክሮም ያለበትን ዝቃጭ፣ ያለፈበትን ኬሚካል፣ ባዶ በርሜሉን ለማን ላስረክብ?" ቢል ምን ይባላል? የሚያስረክብበት በቂ ቦታ ካልተዘጋጀለት ምርጫው ሁለት ነው። ግቢው ውስጥ ይከምረዋል፤ ወይም ሌሊት ቦቴ ይጠራል። ቅጣት ብቻ ከፍ ቢል ሌሊት የሚጠሩት ቦቴዎች ይበዛሉ። ስለዚህ ቁጥጥሩ ሕጋዊ መውጫ ከማዘጋጀት ጋር አብሮ መሄድ አለበት።

አንድ በእጃችን ያለ አማራጭ የሲሚንቶ ምድጃ ነው። ክሊንከር፣ ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው ነገር፣ የሚጋገረው ወደ 1,450 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ነው። የባዝል ስምምነት አባል አገራትም በፈረንጆቹ 2011 አደገኛ ቆሻሻን በሲሚንቶ ምድጃ ስለ ማቃጠል የቴክኒክ መመሪያ አጽድቀዋል። ለአንዳንድ ቆሻሻ፣ ለተቃጠለ ዘይትና ለተወሰኑ ኬሚካሎች ይሆናል። ክሮምና እርሳስን የመሰሉ ብረቶችን ግን እሳት አያጠፋቸውም። ይህን ሥራ የሚጠይቅ ሲሚንቶ ፋብሪካ ካለ ፈቃዱ የሚሰጠው ከጭስ ማውጫው ላይ በየጊዜው እየተለካ፣ ውጤቱም ለአካባቢው ሕዝብ እየተገለጸ መሆን አለበት። ያለዚያ መርዙን ከመሬት ወደ አየር ማሸጋገር ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ መሃል ነገ ተነገ ወዲያ፣ ብዙ በጀት ሳይጠይቅ ሊጀመር የሚችል ነገር ያለ ይመስለኛል። አደገኛ ቆሻሻ እንዲሰበስቡ ፈቃድ ያላቸው ድርጅቶች ዝርዝር ይፋ ይሁን። እያንዳንዱ ምን ዓይነት ቆሻሻ መውሰድ እንደሚችል፣ የት እንደሚያደርስ፣ ባለፈው ዓመት ስንት እንደተረከበና ስንት እንዳስወገደ አብሮ ይጻፍ። የተረከበውና ያስወገደው ካልተመጣጠነ ልዩነቱን ጋዜጠኛም ጎረቤትም ያየዋል። አቢጃን ውስጥ እንዲህ ያለ ዝርዝር በ2006 ቢለጠፍ ኖሮ ከኮምፓኒ ቶሚ ስም ጎን ማከሚያ በሚለው ዓምድ ሥር የሚጻፍ ነገር አይኖርም ነበር።

ይህ እስኪሆን ድረስ ዜጋው እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ ሕጉ አላስገደደውም። አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ብዙ ሰው የማያውቀው በር ከፍቷል። ማንኛውም ሰው ብክለት ሲያይ እኔ በግሌ ተጎድቻለሁ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው ለፌዴራሉ ባለሥልጣን ወይም ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካው፣ አቤት ባዩ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ሰፈራችሁ ሌሊት ሌሊት ቦቴ የሚገለብጥ ከሆነ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና የታርጋ ቁጥሩን ጻፉ፤ ፈሳሹን ግን አትንኩ። አቤቱታውን በጽሑፍ አስገቡ፤ መዝገብ ቤት የተቀበለበትን ቀንና ማኅተም ያለበትን ቅጂ ሳትይዙ አትውጡ። 30ው ቀን የሚቆጠረው በዚያ ቅጂ ነው፤ 60ው ደግሞ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም 30ው ቀን ካለቀበት ጊዜ ጀምሮ ነው።